ስንዴው ሲጫን ዘይቱ የት ይቀራል? ከድሬዳዋ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ የአስቸኳይ ጊዜ ምግብ በድሬዳዋ በኩል ለምታስተላልፉ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ የእርዳታ ድርጅቶችና የጤና ቢሮዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ የቤተሰብ ራሽንና የሕፃናት አልሚ ምግብ በአንድ ሳምንት ውስጥ አብረው እንዲደርሱ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

ሥራዬ መጋዘን ነው። ከጅቡቲ የመጣ እህል ድሬዳዋ ሲራገፍ እቆጥራለሁ። ወደ ምሥራቅ ሲጫን ደግሞ ዌይቢል፣ ማለትም የጭነት ሰነድ፣ እጽፋለሁ። ትልቅ ሹመት አይደለም። ግን የወጣውንና የቀረውን ጎን ለጎን የሚያይ ሰው ቢኖር የመጋዘን ሠራተኛ ነው። እናንተ ጋ የሚደርሰው ሪፖርት «ይህን ያህል ኩንታል ተሰራጨ» ይላል። እኔ የማየው ስንዴው ወጥቶ ክኩና ዘይቱ ግድግዳ ሥር ተደርድረው ሲቀሩ ነው። አንዳንዴም ጭራሽ ከወደብ ሳይነሱ ይቀራሉ።

ነገሩን ሳላስረዝም ጥያቄዬን ልናገር። ለተፈናቃይ ቤተሰብ የሚሰጠው እህል፣ ጥራጥሬና ዘይት፣ በምግብ እጥረት ለተጎዳው ልጅ ለሕክምና ከሚሰጠው የለውዝ ምግብ፣ ከፕላምፒ ነት ጋር በአንድ ሳምንት ይድረስ። ቀኑም አስቀድሞ ለሕዝቡ ይነገር። ይኸው ነው። ቀላል ይመስላል፤ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለዚህም ነው በቢሮ በር ከማንኳኳት በአደባባይ ልጻፈው ያልኩት። ሥራው የአንድ ቢሮ ስላልሆነ አንዱን ቢሮ ስትጠይቁት ወደ ሌላው ይጠቁማችኋል።

ከተማችን በ1895 ዓ.ም. ባቡር የወለዳት ከተማ ናት። ከጅቡቲ የሚመጣ ዕቃ እዚህ ያርፋል፣ ይራገፋል፣ ይበተናል። አዲሱ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህም ይኸው ነው። እርዳታውም የሚሄደው በዚሁ ልማድ ነው። ከድሬ የተነሳ ተሳቢ ደንገጎን እያቃሰተ ይወጣል፣ ሐረርን ያልፋል፣ ባቢሌ ይደርሳል። ከዚያ በዳካታ ድንጋዮች መሀል ወደ ጅጅጋ በሚወስደው መንገድ ላይ የተፈናቃዮች ጣቢያዋ ቆሎጂ አለች። በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ድንበር ላይ ግጭቱ ሲከፋ ከሁለቱም ወገን በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቤቱ ወጣ። ቆሎጂ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩትን ተቀበለች። ድሬም የራሷን ድርሻ አስተናገደች። አንዳንዱ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ያኔ አራስ የነበረ ሕፃን አሁን ደብተር ይዞ የሚሄድ ልጅ ነው። አስቸኳይ ጊዜ የምንለው ነገር በየት በኩል አስቸኳይ እንደሆነ አንዳንዴ ይገርመኛል።

ወደ ራሽኑ ልመለስ። ወረቀት ላይ ጥሩ ነው። ለዓመታት የተለመደው መለኪያ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ሊትር ዘይት ነው። ለትንንሽ ልጆች፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች ደግሞ 4.5 ኪሎ አልሚ ዱቄት ይጨመራል፤ ሁላችንም በደፈናው ፋፋ የምንለው። ስድስት ነፍስ ላለው ቤት ስናሰላው 90 ኪሎ ስንዴ፣ 9 ኪሎ ክክ፣ 2.7 ሊትር ዘይት ይሆናል።

እስቲ ቁጥሩን እንደ መጋዘን ሠራተኛ እዩት። ፋፋውን እንተወውና ስንዴው ብቻውን የጠቅላላው ክብደት 88 በመቶ ነው። ስለዚህ ክኩም ዘይቱም ሳይወጣ ስንዴው ብቻ ተጭኖ ቢሄድ ሪፖርቱ 88 በመቶ ይላል። በማንም ቢሮ 88 በመቶ ያመጣ ሰው አይወቀስም፤ እንዲያውም ይመሰገናል። ዘይቱ በኩንታል ሒሳብ ውስጥ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ለዚህ ይመስለኛል የሚረሳው። ማንም በክፋት አላስቀረውም። መለኪያው ራሱ ዓይን የለውም።

አሁን ያ 88 በመቶ ቤት ሲደርስ ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ።

ስንዴው ያልተፈጨ ነው። ለመፍጨት ወፍጮ ቤት መሄድ አለበት። ወፍጮ ቤቱ ገንዘብ ይፈልጋል፣ የሚሸከመው ሰው ወይም ጋሪው ገንዘብ ይፈልጋል። ተፈናቃይ ገንዘብ ከየት ያመጣል? ከስንዴው ላይ ይሸጣል። ዘይት ስላልመጣ ዘይት ለመግዛት እንደገና ይሸጣል። ሳሙና፣ የልጅ መድኃኒት፣ ጨው፣ ሁሉም ከዚያው ከረጢት ይወጣል። እርዳታ በመጣ ሰሞን ሁሉም እኩል ሻጭ ስለሚሆን የስንዴው ዋጋ ይወርዳል። እንግዲህ 15 ኪሎው 15 ኪሎ ሆኖ አይቆይም።

መሸጥ ያልፈለገችው ወይም ወፍጮ የራቃት ደግሞ ንፍሮ ትቀቅላለች። ንፍሮ ደግሞ ማገዶ ይበላል። ለማገዶ ሴቶቹና ሴት ልጆቹ ራቅ ብለው ይሄዳሉ። ግጭት ባለበት አካባቢ ለእንጨት ራቅ ብሎ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ ማብራራት አያስፈልገኝም። ከሁሉ የባሰው ግን ሌላ ነው። የዘጠኝ ወር ልጅ ንፍሮ አይበላም። መንጋጋ ጥርስ የለውማ! የዓመት ተኩል ልጅም በወጉ አላምጦ አይውጠውም። ስለዚህ ቤት ውስጥ ከረጢት ሙሉ ስንዴ ቆሞ፣ የቤቱ ትንሹ ሰው ምንም የለውም። ዱቄት ቢኖር ገንፎ ይሆናል። ገንፎው ላይ ትንሽ ዘይት ጠብ ቢል በትንሽ ሆድ ብዙ ጉልበት ይገባል። ዘይቱ የሚያስፈልገው ለማጣፈጫ አይደለም።

ከባቢሌ ወዲያ ባለ አንድ የተፈናቃዮች ጣቢያ፣ ጭነት ተከትዬ የሄድኩ ጊዜ ያየሁትን ላውራችሁ። ከእደላው ቦታ ብዙም ሳይርቅ የጤና ቡድኑ በሸራ ጥላ ሥር ሕፃናት ይለካ ነበር። ያቺን የክንድ መለኪያ ታውቋታላችሁ፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ያለባት። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቀዩ ላይ ያርፋል፤ በምግብ እጥረት ክፉኛ ተጎድቷል ማለት ነው። ከ11.5 እስከ 12.5 ያለው ቢጫ ነው፤ ጉዳቱ መካከለኛ ነው። የቀዩ ልጅ ሌላ ሕመም ከሌለው፣ እግሩም ካላበጠና የምግብ ፍላጎቱ ተሞክሮ ደህና ከሆነ ፕላምፒ ነት ይሰጠዋል። እንደ ክብደቱ በቀን ሁለትም ሦስትም ይደርሰዋል። በየሳምንቱ ይመለሳል፣ ይለካል፣ የሳምንቱን ይወስዳል።

አንዲት እናት ተራዋ ደረሰ። ከነጠላዋ ጫፍ ውስጥ በላስቲክ የታሰረ ነገር ፈታች። የተበላው የፕላምፒ ነት ባዶ ከረጢቶች ናቸው። ታጥፈው፣ ተደርበው፣ አንዱም ሳይጎድል። እናቶች ባዶውን እንዲመልሱ ይደረጋል፤ ልጁ መብላቱ እንዲታወቅ፣ ወደ ገበያ እንዳይወጣም። ነርሷ ቆጠረችው፤ ልክ ነው። ልጁን ለካችው። ክንዱ ካለፈው ሳምንት ፈቀቅ አላለም።

ነርሷ በአስተርጓሚ ጠየቀቻት። «እናቴ፣ እሱ ብቻ ነው የበላው?»

ሴትየዋ ዝም ብላ ወደ ጎን አየች። ጎኗ ሦስት ልጆች ቆመዋል። ትልቋ ምናልባት ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። ከዚያ በሶማሊኛ አጭር ነገር ተናገረች። አስተርጓሚው እንዲህ አለን፦ «ማታ ማታ ሌላ ምንም አልነበረም ነው የምትለው።»

ባዶ ከረጢት ማን እንደበላ አይናገርም። አንዷ ከረጢት 92 ግራም ናት፣ 500 ኪሎ ካሎሪ። ለአንድ የተጎዳ ልጅ መድኃኒት ናት። ለአራት ሲካፈሏት መክሰስ ናት። እናትየዋን «አታካፍይ» ብሎ መምከር ቀላል ነው፤ ምክሩም ይሰጣል። ግን ሦስት ልጅ ዓይን ዓይኑን እያየ አንዱን ብቻ ማጉረስ የቻለች እናት ካለች አሳዩኝ። እኔ አልችልም። እናንተም አትችሉም፣ አቦ!

ያን ሰሞን ስንዴው ዘግይቶ ነበር። ሲመጣም ብቻውን መጣ። በጤናው ዓምድ «ሕክምናው ያልተሳካለት ልጅ» ተብሎ ይመዘገባል። በእህሉ ዓምድ «ስርጭት ተከናውኗል» ይባላል። ሁለቱ ዓምዶች አንድ ገጽ ላይ ተገናኝተው አያውቁም። አንዱ የጤና ቢሮ መዝገብ ነው፣ ሌላው የአደጋ መከላከል። ልጁ ግን አንድ ነው።

የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ነው። ፕላምፒ ነቱ በአብዛኛው በጤናው መስመር ይመጣል፤ ከጤና ቢሮ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ጤና ኬላ። የቢጫው ልጅ ምግብ በሌላ መስመር ነው የሚመጣው። የቤተሰቡ ራሽን ደግሞ በሦስተኛው ነው፤ እሱም ራሱ እንደየወረዳው በመንግሥት፣ በተባበሩት መንግሥታት ወይም በግብረ ሰናይ ድርጅቶች ጥምረት ይከፈላል። እያንዳንዱ መስመር የራሱ ወር፣ የራሱ መኪና፣ የራሱ ስብሰባ አለው። ስብሰባዎቹ ላይ «ቅንጅት» የሚለው ቃል እንደ ሻይ ይቀርባል። እኔ የምጠይቀው ቅንጅት አይደለም። የምጠይቀው ቀን ነው። እነዚህ ሁሉ መስመሮች እዚያ ጣቢያ የሚገናኙበት አንድ ሳምንት።

በሰሜኑ ያየነው ነገር ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በትግራይ ጦርነት ጊዜ የተባበሩት መንግሥታት በቀን 100 ያህል የጭነት መኪና መግባት አለበት ይል ነበር። ዜናውም ክርክሩም «ዛሬ ስንት መኪና ገባ» ሆነ። መጋቢት 2014 ዓ.ም. ለሰብአዊ እርዳታ ተብሎ ተኩስ ሲቆም መኪናዎች በአፋር በኩል መቀሌ ደረሱ። ግን ነዳጅ አልነበረም። ጥሬ ገንዘብም አልነበረም። እህሉ መቀሌ መጋዘን ገብቶ ወደ ወረዳ የሚያወርደው ጠፋ። መኪና ቆጣሪው ደስ ብሎት ነበር፤ ራቅ ያለው ወረዳ ያለው ሰው ግን ምንም አልቀመሰም። እዚያ የጎደለው ነዳጅ ነው። እኛ ጋ ዘይት፣ ክክና የወፍጮ ገንዘብ ነው።

ስለ ሌብነት ሳላነሳ ባልፍ ታሙኛላችሁ። መቼም ሰኔ 2015 ዓ.ም. አይረሳም። የአሜሪካ የልማት ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እርዳታው ለታለመለት ሰው አልደረሰም ብለው በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታን አቆሙ። በትግራይ ከዚያ ቀድሞ ነበር የቆመው። ለስደተኞች እንደገና የተጀመረው በ2016 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ገደማ ነው። ለሌላው ሰው ደግሞ ወደ ታኅሣሥ ተጠጋ። የተሰረቀ ነበር፤ አልከራከርም። መጋዘን ውስጥ የሠራ ሰው እንዴት እንደሚሰረቅ ያውቃል፤ ወረቀቱ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። ግን ሌባውን ለመያዝ የሕፃኑን ሳህን ማንሳት ምን ዓይነት ፍርድ ነው? ቁጥጥሩን ሳትለቁ ምግቡን ማስቀጠል ይቻል ነበር የሚል እምነት አለኝ። እስከ ዛሬም አልቀየርኩም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ቁጥጥር መጥፎ አይደለም። ዲጂታል ምዝገባ አለ፣ የጭነቱ ክትትል ጠብቋል። ይበል። አንድ ነገር ግን አትቀላቅሉብን። ገበያ ላይ የእርዳታ ስንዴ ባያችሁ ቁጥር «ተሰረቀ» አትበሉ። አንዲት ሴት በጣሳ እየሰፈረች የምትሸጠው የወፍጮ ገንዘቧን ነው። ያልተፈታ ከረጢት በመደዳ ተደርድሮ በአንድ ነጋዴ ግቢ ካገኛችሁ ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን ያዙልን። ሌላም አለ። አንዳንድ ቦታ ሽማግሌዎቹ የመጣውን ሰብስበው ላልተመዘገበውም ጎረቤት ያካፍላሉ። መዝገቡ ላይ ያልገባው ሰው ስላልራበው አይደለም ያልገባው፤ የተፈናቀለው መዝጋቢዎቹ ከሄዱ በኋላ ስለሆነ ነው። ወረቀቱ ይህን «ለሌላ አካል የተላለፈ» ይለዋል። መፍትሔው መዝገቡን ማደስ ነው እንጂ ሽማግሌውን ማሳደድ አይደለም።

ስለ ሾፌሮች ትንሽ ልበል፤ ማንም አያነሳቸውምና። ባለተሳቢው 400 ኩንታል ተሸክሞ ይወጣል። ሐረር ሲደርስ «ወደፊት ተኩስ አለ» ይባላል። እውነት ይሁን ወሬ የሚያጣራለት የለም። ይቆማል። መኪናው ዕዳ ያለበት ነው፣ ረዳቱ የሰው ልጅ ነው፣ ማን ይፈርድበታል? አንዱ ሾፌር ስልክ ደውሎ «አለቃ፣ እኔ እኮ የሚነግረኝ ሰው ነው የምፈልገው፣ ሂድ ካላችሁኝ እሄዳለሁ፣ ቁም ካላችሁኝ እቆማለሁ» አለኝ። የሚነግረው አልተገኘም፤ እኔም ሥልጣኑ የለኝም። መንገዱ ክፍት መሆኑን በየጠዋቱ የሚያረጋግጥና ለሾፌር የሚናገር አንድ ስልክ ቁጥር ቢኖር ስንት ቀን ይተርፍ ነበር። እዚያ ጣቢያ ደግሞ ሕዝቡ ከንጋት ጀምሮ ይጠብቃል። የቀን ሥራውን ትቶ፣ ልጁን አዝሎ፣ በዚያ ፀሐይ። ጭነቱ ሐረር መቆሙን የሚነግረው የለም። ነገም ይመጣል፣ ከነገ ወዲያም።

ቀን ይነገር ስል ይህንን ነው። መቼ እንደሚመጣ ያወቀች እናት ያላትን ታብቃቃለች። ፍየሏን በርካሽ አትሸጥም። ፕላምፒ ነቷንም ለታመመው ልጅ የመጠበቅ ዕድሏ ይሰፋል፤ ሐሙስ ሌላ የሚበላ ነገር እንደሚመጣ ካወቀች እስከ ሐሙስ ትታገላለች። ቀኑ ከተቀየረም መቀየሩን ንገሯት። የተቀየረ ቀን ያናድዳል እንጂ አይገድልም። በሶማሊኛና በኦሮምኛ፣ በጽሑፍም በድምፅም። ማንበብ የማይችለው ብዙ ነውና በመስጊድ ድምፅ ማጉያ ቢነገር ምን ችግር አለው? የሟች ማስታወቂያ፣ የጠፋ ልጅ ማስታወቂያ ይነገርበት የለ!

በዚህ አጋጣሚ ስለ ባቢሌ ለውዝ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ፕላምፒ ነት ምንድን ነው? የተፈጨ ለውዝ፣ የዱቄት ወተት፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ቫይታሚንና ማዕድን። ባቢሌ ደግሞ በለውዟ አገር ያወቃት ናት። ከድሬ ሐረር ሲመጣ ለውዝ ሳይገዛ የሚመለስ እንግዳ የለም። ታዲያ በለውዝ የተሠራ የሕፃን ምግብ በባቢሌ የለውዝ ማሳ መሀል አልፎ የሚሄደው ከሩቅ ተጭኖ መጥቶ ነው። ምክንያቱን አውቃለሁ። አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ በአካባቢያችን ለውዝ ላይ ችግር ነው። ለውዙ ሲነቀል፣ ሲደርቅና ሲከማች እርጥበት ካገኘው ይመጣል። ለተጎዳ ሕፃን በምንም መንገድ ሊሰጥ አይችልም። ግን ማድረቂያና ንጹሕ ማከማቻ፣ ምርመራም ሊሠራለት የሚችል ነገር ነው። የምሥራቅ ሐረርጌ ገበሬ ለውዙን በደረጃ ቢሸጥ ይጠቅመዋል። ይህ የዛሬ ጥያቄዬ አይደለም። ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ አጠገባችን ነው፤ እነሱ ያንሱት።

«ገንዘብ የለም» እንደምትሉኝ አውቃለሁ፤ እውነት ነው። የአሜሪካ እርዳታ በ2017 ዓ.ም. ምን እንደሆነ ሁላችንም አየን። ሚያዝያ 2017 ዓ.ም. የዓለም ምግብ ፕሮግራም በኢትዮጵያ 650 ሺህ የተጎዱ እናቶችና ሕፃናት የሚያገኙትን ሕክምና በገንዘብ እጥረት ለማቋረጥ መገደዱን አስታውቋል። ያ በዋናነት የቢጫው ልጅ ምግብ ነው። የቢጫው ምግብ ሲቆም ምን ይሆናል? ቢጫው ቀይ እስኪሆን ይጠበቃል። ቀይ ሲሆን ፕላምፒ ነት ይሰጠዋል፤ ያውም ካለ። ይህ ቁጠባ ከተባለ እኔ የቁጠባን ነገር ረስቼዋለሁ።

ገንዘብ ሲያጥር ነው እንዲያውም አብሮ የመድረሱ ነገር ይበልጥ የሚያስፈልገው። ፕላምፒ ነት ውድ ነው። ለአራት ተካፍሎ ከንቱ የቀረ አንድ ካርቶን 150 ከረጢት ነው። ያንን ለማዳን የሚያስፈልገው ጥቂት ሊትር ዘይት፣ ጥቂት ክክና የወፍጮ ብር ነው። ያለው ነገር ጥቂት ከሆነ ለሁሉም ስንዴ ብቻ በትኖ 88 በመቶ ከማስመዝገብ፣ መጠኑን ቀንሶ ሙሉውን ዓይነት መስጠት ይሻላል። አሥር ኪሎ ስንዴ ከዘይትና ከክክ ጋር፣ ከአሥራ አምስት ኪሎ ብቻውን ስንዴ ይበልጣል። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ የምግብ ባለሙያዎቻችሁ ያርሙኝ። ጣቢያ ላይ የጠየቅኳቸው እናቶች ግን አንዲትም አልተከራከረችኝም።

ክትባቱንም አትርሱት። በ1992 ዓ.ም. በጎዴ ድርቅ ጊዜ ምግብ ፍለጋ አንድ ቦታ ከተሰበሰቡት ሕፃናት ብዙዎቹን ኩፍኝም ፈጅቷቸዋል። ሰው ለራሽን በሚሰለፍበት ቀን ክትባት የሚሰጥ ባለሙያ እዚያው ቢቀመጥ ተጨማሪ መኪና አይጠይቅም። የእህሉ ቀን ለጤናው ቡድን ከተነገረ ያው ቡድን ይመጣል። እንደገና ወደ ቀን መለስኳችሁ፤ ምን ላድርግ።

እንግዲህ በተግባር ምን ይደረግ ለምትሉ፣ ከመጋዘን በር ላይ ሆኜ የሚታየኝ ይህ ነው። የመጫኛ ትእዛዝ ስትልኩልን በአሁኑ አሠራር ለእያንዳንዱ ዓይነት ለየብቻው ይመጣል። ዛሬ ስንዴ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ዘይት። ከዚህ በኋላ ለአንድ ጣቢያ የሚሄደው ሁሉ በአንድ ወረቀት ይምጣ፤ እህሉ፣ ጥራጥሬው፣ ዘይቱ፣ ፋፋው። ጎን ላይ ደግሞ የዚያ ጣቢያ ጤና ኬላ ፕላምፒ ነት ለስንት ሳምንት እንዳለው ይጻፍ። ይህን ቁጥር የጤና ቢሮው ያውቀዋል፤ አንድ ስልክ ነው። አንዱ መስመር ባዶ ከሆነ መቼ እንደሚሞላ ቀን ይጻፍበት። ሪፖርቱም በኩንታል አይሁን፣ ሙሉ ራሽን በወሰደው ቤተሰብ ቁጥር ይሁን። ዘይት ያልደረሰው ቤት «ደርሶታል» ተብሎ አይቆጠር። የወፍጮው ገንዘብ ከእህሉ ጋር አብሮ ይበጀት፣ ካልሆነ ዱቄት ይላክ። ዱቄት ቶሎ እንደሚበላሽ አውቃለሁ፤ በድሬ ሙቀት ደግሞ አይነገርም። ስለዚህ ገንዘቡ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ወፍጮ ቤቶቹም እዚያው ይጠቀማሉ።

ይህ አዲስ መሥሪያ ቤት አይጠይቅም። አውደ ጥናትም አይጠይቅም፤ እባካችሁ አውደ ጥናት አትጥሩብን።

የሚቀጥለው ዙር የመጫኛ ትእዛዝ ገና አልተፈረመም። ከመፈረሙ በፊት የጤናውና የእህሉ ኃላፊዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣችሁ ለባቢሌና ለቆሎጂ መስመር አንድ ሳምንት ምረጡ። የመረጣችሁትን ሳምንት ለእኛም፣ ለሾፌሮቹም፣ ለጣቢያ ኮሚቴዎቹም ላኩልን። ወዛደሮቹን እኔ አዘጋጃለሁ። ዘይቱ እዚህ ካለ ያንኑ ቀን ይጫናል።

ከአክብሮት ጋር

አንድ የመጋዘን ሠራተኛ
ድሬዳዋ